ፕላስቲክ ነው ብለሽ አትናቂው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የማውንቴን ሳይክል መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ያገለገለች ሳይክል ገዝቼ እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ላይ ስንወርድ ቀኝ እግሬ ተንሸራተተና ፔዳሉ ዞሮ መጥቶ ቅልጥሜን ላጠው። ጠባሳው አሁንም አለ። ፔዳሉ ከሳይክሏ ጋር አብሮ የመጣ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ጥርሶቹ አልቀው ልሙጥ ሆኗል። አሁን የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ለገና ሊመጣ ነው። ከሃምሳ ዶላር ያልበለጠ ነገር እዘዢኝ ብሎኛል። እኔ ፔዳል ልለው አስቤያለሁ፤ ጓደኞቼ ግን አልተስማሙም። አንዱ ‹አሉሚኒየም ግዢ፣ ፕላስቲኩንማ አየሽው› ይላል። ሌላዋ ‹ጫማ ላይ የሚቆለፈውን ግዢና ተገላገዪ› ትላለች። ጫማዬ 38 ቁጥር ነው። የምነዳው በሩጫ ጫማ ነው። ምን ልዘዘው?»

ቅልጥሟ የተላጠ፣ ከሽሮ ሜዳ

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። ቅልጥም ላይ ያረፈ ፔዳል ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ። እኔም ግራ እግሬ ላይ ሦስት ጠባሳ አለኝ፤ አንዷ የጎደለች አራት ነጥብ ይመስላሉ። ሰው ሲጠይቀኝ ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም እላለሁ።

የአክስትሽ ልጅ ቸኩሎ ሽቶ ሳይገዛልሽ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሰውነቱ ናይለን፣ ፒኖቹ ብረት የሆነ ጠፍጣፋ ፔዳል እዘዢው። ሃምሳ ዶላር ይበቃል። የሁለት መቶ ዶላሩን ቢያመጣልሽም እንጦጦ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅሽም። ስምንት ዓመት የነዳ ሰው እንኳ ሳያይ በእግሩ ብቻ ለይ ቢሉት የሚቸገር ይመስለኛል።

«ናይለንስ ያው ፕላስቲክ አይደል?» ትዪኛለሽ። ነው። ያንሸራተተሽ ግን ፕላስቲክነቱ አይደለም። እስቲ ያንን አሮጌ ፔዳል በአውራ ጣትሽ ጠረግ አድርጊው። ጥርሶቹ ከራሱ ከፔዳሉ ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው። ጫማ ሲፍቃቸው ያልቃሉ፤ መቀየር አይቻልም። ዝናብ ሲነካቸው ደግሞ የታጠበ ሰሃን ነው የሚሆኑት። ደህናው ናይለን ፔዳል ላይ ግን እያንዳንዱ ገጽ ስምንትም አሥርም የብረት ፒን ተተክሎበታል። ከፔዳሉ ከፍ ብለው የጫማሽን ሶል ይነክሳሉ። እግርሽን የሚይዙት እነሱ ናቸው። የቀረው ፒኖቹን የሚሸከም ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ናይለን ሆነ አሉሚኒየም እግርሽ አያውቅም።

እንዲያውም ድንጋይ ላይ ናይለኑን እመርጣለሁ። የእንጦጦን መንገድ ታውቂዋለሽ። ቀይ አፈሩ መሃል ድንጋይ ብቅ ይላል፤ ፔዳልሽ ዝቅ ባለ ሰዓት «ጓ» ያደርገዋል። አሉሚኒየም ድንጋዩን ነክሶ ይይዛል፣ ሳይክሏም ትንገዳገዳለች። ናይለን አብዛኛውን ጊዜ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ትንሽ ይላጣል እንጂ።

ጓደኛሽን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ደህና አሉሚኒየም ፔዳል ቀጭን ነው፣ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ፒኖቹም በፊለቷቸው (ጠመዝማዛ ጥርሳቸው) ጠበቅ ብለው ይቀመጣሉ። ግን «ደህና» የምትለዋ ቃል ገንዘብ ትጠይቃለች። በሃምሳ ዶላር አሉሚኒየም ከፈለግሽ ብዙው ወጪ አሉሚኒየሙን ለመቁረጥና ለማሳመር ይሄድና ፔዳሉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ ይቆጠባል። ሦስት ወር ሳይሞላው መወዛወዝ ይጀምራል። በዚያው ገንዘብ ናይለን ስትገዢ ሰውነቱ በቅርጽ ፈስሶ በርካሽ ስለሚሠራ ለፐርኖው (ፔዳሉ ለሚዞርበት ዘንግ) እና ለኩሽኔታው የሚተርፍ አለ። ርካሽ አሉሚኒየም ከደህና ናይለን ይብሳል የምለው ለዚህ ነው። ላዩ ሲያብረቀርቅ አይሸውድሽ።

ፒኑን ስትመርጪ ከየት በኩል እንደሚታሰር እዪ። አንዳንዱ ከላይ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ይገባል። ድንጋይ ሲመታው የብሩጎላው ቀዳዳ ይጨፈለቅና ፒኑ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል፤ በፒንሳ ስትታገዪ ትውያለሽ። ሌላው ከጀርባ ገብቶ በፊት በኩል ይወጣል። እሱ ጫፉ ቢጣመምም ከኋላ ፈትተሽ ታወጪዋለሽ። ምርጫ ካለሽ ሁለተኛውን ያዢ። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ በትንሽዬ ላስቲክ ትርፍ ፒኖች አሉ። የአክስትሽን ልጅ አደራ በዪው። ሻንጣ ለማቅለል ብሎ ሳጥኑን ከነፒኖቹ ይጥለዋል፤ እኔን አንዴ እንደዚያ አድርገውኛል።

ቅርጹ ላይ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ፔዳል ጥሩ ነው። ዳርና ዳሩ ከፍ ብሎ ጫማሽን እንደ ሳህን ያቅፈዋል። መሃሉ ያበጠው ግን እግርን ወደ ዳር ይገፋል።

አሁን ወደ ስሞች እንምጣ፤ መቼም ስም ካልሰጠሁሽ «ጋሼ አደናገረኝ» ማለትሽ አይቀርም። የመጀመሪያ ምርጫዬ የክራንክብራዘርስ ስታምፕ 1 ነው። ምክንያቱ አንቺው የጻፍሽው ቁጥር ነው፣ 38። ብዙዎቹ ፔዳሎች የተሠሩት ተለቅ ላለ እግር ነው። ስታምፕ 1 ግን በትንሽና በትልቅ ይመጣል። ትንሹ 10 በ10 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ከ37 እስከ 43 ለሚጫሙ ነው የተሠራው። ለአንቺ በልክ የተሰፋ ማለት ነው። ፔዳል ከጫማ በጣም ሲሰፋ ትርፉ ዳር ላይ ወጥቶ ድንጋይ መለቃቀም ነው።

እሱን ካላገኘ የሬስ ፌሱን ቼስተር ያምጣ። የካናዳ ኩባንያ ነው፤ በየገጹ ስምንት የሚቀየር ፒን አለው። ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ግን ችግር የለውም። ሌላው የካናዳ ሥራ የዋንአፕ ናይለን ፔዳል ነው፤ አሥር ፒን አለው፣ በጣም ይይዛል። ብቻ መደበኛው ትልቅ ስለሆነ ለአንቺ ሦስተኛ አደርገዋለሁ። ሦስቱም ዋጋቸው ሃምሳ ዶላር ግድም ነው፤ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቅናሽ ሲኖር ደግሞ ይወርዳል። እሱ አሜሪካ ስላለ በኅዳር አጋማሽ ገደማ የሚኖረውን የብላክ ፍራይደይ ቅናሽ አስታውሺው። የጥንዱ ክብደት ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ «ሻንጣዬ ሞልቷል» የምትለውን ምክንያት እንዳትቀበዪው።

ጫማ ላይ የሚቆለፈውን ላለችው ጓደኛሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። አውስትራሊያዊው ሳም ሂል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017፣ በ2018 እና በ2019 በተከታታይ የኢንዱሮን (ቁልቁለቱ በሰዓት የሚለካበት የማውንቴን ሳይክል ውድድር) ዓለም አቀፍ ውድድር አጠቃላይ ድል የወሰደው በጠፍጣፋ ፔዳል ነው። ተቀናቃኞቹ አብዛኞቹ የሚቆለፈውን ነበር የሚነዱት። የሚቆለፈው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ለሚገፋ ሰው ደስ ይላል። ግን ለብቻው የተሠራ ጫማ ይፈልጋል፤ ጫማው ብቻውን በጀትሽን ይበላዋል። ከዚያ ደግሞ ስምንት ወር የነዳ ሰው መጀመሪያ መልመድ ያለበት ሲደናገጥ እግሩን መሬት ማውረድ ነው። ተቆልፈሽ ቁልቁለት ላይ ከወደቅሽ ከነሳይክልሽ ነው የምትተኚው።

ከማዘዝሽ በፊት ግን ዛሬ ማታ አንድ ነገር እዪልኝ። የሳይክልሽ ሁለት ክራንኮች (ፔዳሎቹ የሚታሰሩባቸው ክንዶች) ከመሃለኛው ብረት ጋር በየራሳቸው ቡሎን የታሰሩ ናቸው? ወይስ አንድ ወጥ ብረት ተጣሞ በሳይክሉ ሆድ አልፎ በሌላ በኩል ይወጣል? ለየብቻ ከታሰሩ የፔዳሉ ቀዳዳ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው፤ 14 ሚሊሜትር ትንሽ አለፍ ያለ። የማውንቴን ሳይክሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚያ ናቸው፣ ከላይ የጠራኋቸው ፔዳሎችም ልካቸው ይኸው ነው። አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ግን ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ነው፤ እነዚህ ፔዳሎች አይገቡልሽም። የልጆች ሳይክልና አንዳንድ አሮጌ ሳይክሎች ላይ ታገኚዋለሽ።

ያገለገለ ሳይክል ስለሆነ ደግሞ ክራንኩ ላይ ያለውን ፊለቶ ፈትሺ፤ በተለይ የግራውን። ለምን የግራውን እንደምል ልንገርሽ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ሳይክሌን ገልብጬ የግራውን ፔዳል ልፈታ ተነሳሁ። ማንኛውም ቡሎን እንደሚፈታው ወደ ግራ ገፋሁት። እንቢ አለ። ገፋሁ፣ አሁንም እንቢ። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አምጥቼ ቁልፉ ላይ ሰካሁና ተንጠለጠልኩበት። «ቂው» አለ። ተሳካልኝ ብዬ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኬ ነበር። ከዚያ ፔዳሉ በእጄ መጣ፤ ፊለቶው ላይ እንደ እርሳስ ቅራፊ የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ጭራ ተንጠልጥሏል። የክራንኩን ፊለቶ ገፍፌው ነው። ሳላውቅ ስፈታ ሳይሆን ሳጠብቅ ነበር። አንድ ሠራተኛ ጋ ይዤ ሄድኩ፤ እሱም በመዶሻ ሞከረና ጨርሶ ገደለው። ክራንክ እስክገዛ ሁለት ወር በእግሬ ሄድኩ።

የግራው ፔዳል ፊለቶ የተገላቢጦሽ ነው። ስትነጂ በክብደትሽና በንዝረቱ ፐርኖው ክራንኩ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ለመሽከርከር ይሞክራል። ሁለቱም ወገን ተራ ፊለቶ ቢሆን ኖሮ የግራው ራሱን እየፈታ መንገድ ላይ ይጥልሽ ነበር። ኋላ አውሮፕላን የሠሩት ራይት ወንድማማቾች መጀመሪያ ኦሃዮ ውስጥ ሳይክል ሠሪዎች ነበሩ። በፈረንጆች 1900 «የማይፈታ ፔዳል» ብለው ያስተዋወቁት ይህንኑ በግራ በኩል በተቃራኒ የሚጠብቀውን ነበር። ከመብረራቸው በፊት ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ሳልሰማ የቀረሁት።

ግራና ቀኝ እያልሽ አትጨነቂ፣ መያዣው ቀላል ነው። ቁልፉን ፔዳሉ ላይ አስገብተሽ ወደ ላይ አቁሚው። ወደ ፊት ጎማ ከገፋሽው ይጠብቃል፤ ወደ ኋላ ጎማ ከገፋሽው ይፈታል። በሁለቱም ወገን ያው ነው። ቁልፉ ቀጭን 15 ቁጥር ነው፤ ተራው ወፍራም ቁልፍ ክራንኩና ፔዳሉ መሃል ላይገባ ይችላል። አዲሶቹ ፔዳሎች ደግሞ ብዙዎቹ ከጀርባ በ6 ወይም በ8 ብሩጎላ ይታሰራሉ። ከመፍታትሽ በፊት ካቴናውን ከፊት ባለው ትልቁ ጥርስ ላይ አውጪው። ቁልፉ ድንገት ሲለቅ እጅሽ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ጥርሱ በካቴና ካልተሸፈነ ጣትሽን ይቆርጠዋል። ይሄኛውን ጠባሳ እንኳ አላሳይሽም።

አዲሱን ስትገጥሚ ፊለቶው ላይ ግራሶ ቀቢ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በቁልፍ ሳይሆን በጣትሽ አዙሪ። በጣት የማይገባ ፔዳል ወይ ጎኑ ተሳስቷል ወይ ጠምሞ ገብቷል፤ አውጥተሽ እንደገና ጀምሪ። ፐርኖው ላይ ኤል እና አር የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ኤል ግራ፣ አር ቀኝ ነው። ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ አንዴ መልሰሽ አጥብቂው።

የአክስትሽ ልጅ ከቀረ ወይም ከረሳ (ሻንጣው ውስጥ የሰው አደራ ስንት እንደሚሆን መቼም ታውቂያለሽ) እዚሁ ከተማ ውስጥ ስትገዢ በእጅሽ ሳትነኪ አትክፈዪ። ሻጩ ፔዳሉን በጣቱ መታ ያደርግና ሲሽከረከር «እዪ፣ ቅቤ ነው» ይልሻል። አትሞኚ። ግራሶ የሌለው ደረቅ ፔዳልም እንደዚያ ረጅም ይዞራል። በደንብ የተደፈነና ግራሶ የጠገበው እንዲያውም አንድ ሁለቴ ዞሮ ይቆማል። አንቺ ፐርኖውን በአንድ እጅ፣ ፔዳሉን በሌላው ያዢና ወደ ላይ ወደ ታች ወዝውዢው። «ቀጭ ቀጭ» ካለ አስቀምጪው። ከዚያ ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ዓይነት ስሜት ካለው ኩሽኔታው ወይም ግራሶው ችግር አለበት። ፒኖቹ ደግሞ የተተከሉ መሆናቸውን በጥፍርሽ ፈትሺ።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ ካንሸራተተሽ ጥፋት ግማሹ የሩጫ ጫማሽ ነው። የሩጫ ጫማ ሶሉ ፎም ነው፤ ከስር ጎድጓዳና እብጠት ይበዛዋል። ፒኖቹ የሚነክሱት ወጥ ላስቲክ አያገኙም። ቀይ ጭቃውና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ደግሞ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። የሚያስፈልግሽ ከስር ለጥ ያለ፣ ላስቲኩ ለስለስ ያለ፣ ግን ሲጣመም ቶሎ የማይታጠፍ ጫማ ነው። ለፔዳል ብለው የሚሠሩት አሉ፤ አሁን የአዲዳስ የሆነው ፋይቭ ቴን በዚህ የታወቀ ነው፣ ግን መቶ ዶላር ግድም ይጠይቃል። እሱን ለሌላ ገና አቆዪው። ለጊዜው ሳልባጅ ወርደሽ የስኬትቦርድ ጫማ ፈልጊ። ሶሉን በጥፍርሽ ተጫኚው፤ ትንሽ ከሰረጎደ ይሆንሻል። አዲስ ፔዳል በሩጫ ጫማ ከመንዳት አሮጌውን በደህና ጫማ መንዳት ይሻላል ብል ብዙም አልተጋነነም።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተረከዝሽን አውርጂ። በጣትሽ ጫፍ አትቁሚ፤ የእግርሽን ሰፊ ክፍል ከጣቶችሽ ትንሽ ኋላ ፔዳሉ መሃል ላይ አሳርፊው። ተረከዝሽ ሲወርድ ድንጋዩ ሲመታሽ እግርሽ ፔዳሉ ውስጥ ይቀበራል፤ ተረከዝሽ ከተነሳ ግን ያው ሐምሌ ይደገማል። አዲሶቹ ፒኖች ከለመድሽው በላይ ስለሚይዙ እግርሽን ሳታነሺ ማንሸራተት አትችዪም። ቦታ ለመቀየር አንሥተሽ መልሰሽ ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ይሄ ያናድድሻል።

ቅልጥምሽን በተመለከተ፣ የብረት ፒን ከፕላስቲኩ የባሰ ይቧጭራል፤ ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ሌባ ነኝ። የሚያንሸራትትሽ ጊዜ ይቀንሳል፣ ያንሸራተተሽ ቀን ግን ያምሻል። እስክትለምጂ የኳስ ተጫዋቾችን መጋጫ ካልሲሽ ውስጥ አድርጊ። ጓደኞችሽ ይስቁ። ከቆሰልሽ በውሃና በሳሙና በደንብ እጠቢው፤ አፈር የገባበት ጠለቅ ያለ ቁስል ከሆነና የቴታነስ ክትባትሽ ከቆየ ጤና ጣቢያ ብቅ በዪ።

ክራንክሽን አይተሽ ከጨረስሽ ለአክስትሽ ልጅ ይህን ቃል በቃል ላኪለት፦ «ክራንክብራዘርስ ስታምፕ 1፣ ትንሹን፣ ቀለሙ የፈለገ ይሁን። ከሌለ ሬስ ፌስ ቼስተር። ሳጥኑን እንዳትጥል፣ ውስጡ ትርፍ ፒን ሊኖር ይችላል።»